ከኋላ የሚመጣ ሰው ሰላም ይበል

የምኖረውም የምሠራውም ኮምቦልቻ ነው። ሥራ የምሄደው በሳይክል ነው። እናቴ ደግሞ ደሴ ናት። እሁድ እሁድ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እወጣና ከእሷ ጋር እውላለሁ። እዚያ ሳይክል የለኝም፤ ክንዷን ይዤ በእግሬ ነው የምሄደው። ስለዚህ "እነዚህ ባለ ሳይክሎችና ባለ ስኩተሮች የእግረኛ መንገድ ላይ ምን ይሠራሉ?" የሚል ወሬ ሲነሳ የሁለቱም ወገን ስሜት ይገባኛል። ኮምቦልቻ ላይ የሚቆጡት እኔን ነው። ደሴ ላይ የምቆጣው እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ሳይክል ወይም ቆመው የሚነዱትን ስኩተር በቅርቡ ለጀመራችሁ፣ ለልጆቻችሁ ልትገዙ ለምታስቡ፣ እንዲሁም በእግራችሁ ስትሄዱ ከኋላ ሽው ብሎ ባለፈ ነገር ልባችሁ ድንግጥ ላለባችሁ ሁሉ ነው።

መጀመሪያ ባለ ሳይክሉ ለምን እግረኛ መንገድ ላይ እንደሚወጣ ልናገር። ኮምቦልቻ የመንገድ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው፣ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ እዚሁ ይገናኛል። ተሳቢ የጎተተ ከባድ መኪና ቀኑን ሙሉ ያልፋል። ከተማዋ አብዛኛው ቦታዋ ሜዳ ስለሆነ ደግሞ ለሳይክል ትመቻለች። ተሳቢው በጎናችሁ ሲያልፍ ግን ነፋሱ ብቻውን መሪ ያስለቅቃል። ባጃጁም ሰው ለመጫን በድንገት ወደ ቀኝ ይገባባችኋል። ሰው ነፍሱን ይወዳል። ክፍት ቦታ ሲያገኝ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ድፍረትም ንቀትም የለበትም፤ ፍርሃት ነው።

እግረኛው ግን ይህን ከየት ይወቀው? እሱ የሚያየው ሳይታሰብ በጎኑ ያለፈን ሰው ብቻ ነው።

ወደ ሥራ ስሄድ በማልፍበት መንገድ ላይ ሱቅ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አሉ። ባለ ሳይክል ሲያዩ ከዘራቸውን አግድም ይዘረጋሉ። ልጆቹ "እኚህ ሰውዬ ደግሞ" እያሉ ያልፏቸዋል። አንድ ቀን ወርጄ "አባባ፣ ምን አጥፍተን ነው?" አልኳቸው። "ልጄ፣ ሳይክሉ ምን አደረገኝ!" አሉኝ። "ከኋላ ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ እብድ ነው። የትኛው እንደሆነ እስካውቅ ድረስ አልፎኛል።"

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲደነግጥ ልብ ብዬ አያለሁ። ሴቶቹ መጀመሪያ የሚይዙት ቦርሳቸውን ነው። ወጣቶቹ ስልካቸውን። የስልክ ነጣቂ ወሬ በየቀኑ በሚሰማበት ጊዜ ከኋላ የፈጠነ ሁሉ ነጣቂ ይመስላል። እናቶች ልጃቸውን ሳብ ያደርጋሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚስቡት ደግሞ ሳይክሉ ወደሚያልፍበት በኩል ነው። ስድቡ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። "መንገዳችንን ቀሙን"፣ "ሳይክል የልጅ መጫወቻ ነው"፣ "ስኩተሩ የሀብታም ልጅ ቅብጠት ነው" የሚለው ሁሉ ከድንጋጤው በኋላ የተገኘ ቃል ነው። ድንጋጤውን ካስቀራችሁ ስድቡ አብዛኛው አብሮ ይቀራል። እኔ ያየሁት ይህንን ነው።

ደወል መምታት መፍትሔ ይመስላል። ከሩቅ ከተመታ ይረዳል። ከቅርብ ከተመታ ግን ሰውዬው "ዞር በል" የተባለ ያህል ይሰማዋል። አንዱ ቆሞ በቁጣ ይዞራል። ሌላው ይዘላል፤ ወዴት እንደሚዘል ግን እሱም አያውቀውም። "በግራ ልለፍ" ማለትንም ሞክሬዋለሁ። ሰው "ግራ" የሚለውን ብቻ ይሰማና ወደ ግራ ይገባል፤ እኔ ወደማልፍበት ማለት ነው።

የሠራልኝ ሰላምታ ነው። አምስት ስድስት ሜትር ሲቀረኝ ፔዳሉን መምታት አቆማለሁ። ፍሬኑን ያዝ አደርጋለሁ። ከዚያ ሳልጮህ፣ ግን በሚሰማ ድምፅ "እንደምን ዋሉ እማማ" እላለሁ። ወይም "አሰላሙ አለይኩም አባባ"። እኛ አገር ሰላምታ ሰምቶ ዝም የሚል ሰው ከስንት አንድ ነው። ዞር ይላሉ፣ ያዩኛል፣ "ወአለይኩሙ ሰላም" ይላሉ። "ልለፍ?" ስል "እለፍ ልጄ" ብለው ራሳቸው ጠጋ ይሉልኛል። ድምፁ ሰው መሆኔንም፣ በየት በኩል እንደምመጣም ይነግራቸዋል። መልስ ካልሰማሁ አላልፍም። አልሰሙኝም ማለት ነው። ቀስ ብዬ ከኋላቸው እከተላለሁ፣ ወይም ወርጄ እገፋለሁ።

ጊዜ ይፈጃል የሚሉኝ አሉ። በእርግጥ ይፈጃል፤ ግን ትንሽ ነው። ከባለ ከዘራው ሽማግሌ ጋር አሁን ሳንተያይ አናልፍም። ከዘራቸውም አይዘረጋብኝም።

ሰላምታም የማይበቃበት ሰዓት አለ። ፋብሪካዎቹና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሺፍት ሲቀይሩ ሠራተኛው ክንድ ለክንድ ተያይዞ መንገዱን ሞልቶ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ማሽን ፊት የቆሙ ልጆች ናቸው። እንደልባቸው የሚያወሩት ያኔ ነው። ለእኔ ብለው ለምን ይበተኑ? በዚያ ሰዓት ሳይክሌን እየገፋሁ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሳይክል የሚገፋን ሰው ማንም አይቆጣውም፤ እንደማንኛውም እግረኛ ነው። የያዝኩት ደንብ ቀላል ነው፦ ክንዴን ብዘረጋ ሰው የምነካ ከሆነ እወርዳለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አብራኝ የምትሠራ እህት አለች፤ እሷም በሳይክል ነው የምትመጣው። እኔ የማልሰማውን ትሰማለች። ቀስ ብትሄድም፣ ሰላም ብትልም፣ ስለ ልብሷና ስለ ሴትነቷ የሚናገራት አይጠፋም። ይህ ከእግረኛ መንገድ ጋር ምንም አይገናኝም። ነውር ነው። አጠገባችሁ ሲባል ከሰማችሁ ዝም አትበሉ፤ "ተው ወንድሜ" ማለት ብቻ ብዙ ያግዛታል።

ደሴ ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አየሩም መሬቱም ግን አይገናኝም። ደሴ ላይ ሳይክል ይዞ ዳገት መውጣት ጉልበት ይጠይቃል። አሁን አሁን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስኩተር የያዙ ወጣቶች አያለሁ። ዳገቱን ያለ ላብ ስለሚወጣላቸው ቢወዱት አልፈርድባቸውም። ችግሩ ስኩተሩ ድምፅ የለውም። ቁልቁል ሲወርድም ይፈጥናል።

ከእናቴ ጋር ከአራዳ ወደ ፒያሳ እየሄድን ነበር። ብርድ ስለነበር ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማዋለች። በቀኜ ይዣታለሁ፤ እሷ በሱቆቹ በኩል ናት። አንድ ልጅ ጓደኛውን ከኋላው አፈናጦ በስኩተር በእሷና በግድግዳው መካከል ገባ። መሪው የነጠላዋን ጥለት ያዘው። ነጠላው ተጎትቶ ሲወርድ እሷም አብራ ዞረች። አልወደቀችም፤ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ጣለች። የያዘችው ፌስታል ግን ተቀደደና ቲማቲሙ እስከ ቦዩ ድረስ ተንከባለለ። ልጁ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። አንድ በአንድ እየለቀመ ሰጣት። ልጅ ነው፣ ክፉ ልጅም አይደለም። እናቴ አልጮኸችበትም። "ልጄ፣ የአንተ አጥንት ቢሰበር ይገጥማል። የእኔ አይገጥምም" ብቻ አለችው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ግን አልረሳውም። ከእግረኛው መንገድ ወርዳ በአስፋልቱ ጠርዝ መሄድ ጀመረች። "እማ፣ መኪና አለ እኮ!" አልኳት። "መኪናው ይሰማኛል" አለችኝ።

በዕድሜ የገፋች ሴት ከእግረኛ መንገድ ይልቅ አስፋልቱን ከመረጠች እኛ ባለ ጎማዎቹ የማንን ቦታ እንደወሰድን ግልጽ ነው።

ፍጥነቱን በቁጥር እንየው። ሰው በእግሩ ሲሄድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሴኮንድ አንድ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ስኩተር በሴኮንድ 7 ሜትር ያህል ይምዘገዘጋል። አደጋ አይታችሁ ፍሬን እስክትይዙ ድረስ ብቻ አንድ ሴኮንድ ገደማ ይሄዳል። ፍሬኑ ገና ሥራ ሳይጀምር ሰባት ሜትር አለፈ ማለት ነው። እናት ልጇን የለቀቀችው፣ ሰው ከሱቅ የወጣው በዚያች ሰባት ሜትር ውስጥ ሊሆን ይችላል። የግጭት ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ የምታልፉት ሦስት ሜትር አይሞላም። ሰው ባለበት ከዚህ በላይ አትሂዱ። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ስኩተሮች የፍጥነት ደረጃ መቀየሪያ አላቸው። ከተማ ውስጥ ስትገቡ ዝቅተኛው ላይ አድርጉት።

በደሴ ክረምት 10 ኪሎ ሜትሩም ይበዛል። ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው ሰው የሚታየው አጠገቡ ስትደርሱ ነው። ዝናብ ሲሆን ሰው ጃንጥላውን ወደፊት ደፍቶ እግሩን እያየ ይሄዳል፤ አያያችሁም። ጃንጥላው ላይ የሚመታው ዝናብ ጆሮውንም ይዘጋዋል። ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌም እንዲሁ አይሰማም። ሳይክላችሁ ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዝ ፍሬን ካለው በዝናብ ለመቆም ከደረቁ ቀን በጣም የረዘመ ቦታ ይፈልጋል። የስኩተር ጎማ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ የቦይ ክዳን ውስጥና በተነቀለ ንጣፍ ላይ ይቀረቀራል፣ እርጥብ ንጣፍ ላይም ይንሸራተታል። በዝናብ ቁልቁለት ከሆነ መውረድና መግፋት ነው። ሌላ ዘዴ የለውም።

በየት በኩል ልሂድ የሚል ካለ የጃፓኖችን ደንብ ልንገረው። እዚያ ሳይክል በተፈቀደበት የእግረኛ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው በአስፋልቱ በኩል ያለውን ጎን ይይዛል፤ ፍጥነቱም ወዲያው መቆም የሚችልበት ዝግታ መሆን አለበት። እግረኛውን የሚያውክ ከሆነም ይቆማል። እናቴን ያገኛት አደጋ ምክንያቱ ግልጽ የሆነልኝ በዚህ ነው። ልጁ የገባው በሱቆቹ በኩል ነበር። በሱቅ በኩል በር ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል፣ ሊስትሮው ተቀምጧል፣ የቡና ረከቦት ተዘርግቷል። ሽማግሌም ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። ያ ጎን የእነሱ ነው፤ ተዉላቸው።

የእግረኛ ትዕግሥት ሲያልቅ ምን እንደሚመጣም ፓሪስ አሳይታለች። በኪራይ የሚሠሩ ስኩተሮች ከተማዋን ሞሉ። በእግረኛ መንገድ ላይ ነዱባቸው፣ እዚያው እየጣሏቸው ሄዱ። በ2021 ሁለት ሰው በጫነ ስኩተር የተመታች አንዲት እግረኛ ሞተች። በሚያዝያ 2023 ከተማው ሕዝቡን ሲጠይቅ ድምፅ ከሰጡት 89 በመቶ ያህሉ የኪራይ ስኩተሩ ይቅር አሉ። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ሰው ከመቶ ስምንት እንኳ አልሞላም፤ የተቆጣው ግን ወጣ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ስኩተሮቹ ተነሱ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሥርዓት ይዘው የነዱትም አብረው አጡት። እኛ ጋር ገና ከጅምሩ ነን።

የኮሪደር ልማቱ ወደ ደሴም ወደ ኮምቦልቻም መጥቷል። አገሪቱም ስለ እግረኛና ስለ ሳይክል ከ2020 እስከ 2029 የሚቆይ ስትራቴጂ አላት፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ መንገድ በሚሠራበት አካባቢ ያላችሁ፣ ስብሰባ ሲጠራ ሄዳችሁ ተናገሩ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የእግረኛውንና የሳይክሉን ቦታ ቀለም ብቻ አይለየው። ቀለም ይለቃል፤ ሲመሽም አይታይም። በትንሹም ቢሆን የከፍታ ልዩነት ወይም ጠርዝ ይኑር። ያ ጠርዝ በተለይ ለዓይነ ስውራን ነው። በበትር የሚሄድ ሰው ቀለም አያይም፤ ጠርዝ ግን በበትሩ ያገኛል። ለእነሱ ተብሎ የሚነጠፈው ጎርባጣ ንጣፍ ላይም ሳይክልና ስኩተር አታቁሙ። "ለአምስት ደቂቃ ነው" አይባልም። እሱ የሚያልፈው በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ከሆነስ?

ለእግረኛው ወንድሜና እህቴም የምለው አለኝ። ከኋላ ድምፅ ስትሰሙ አትዝለሉ። በያዛችሁት መስመር ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፤ ማለፊያውን መፈለግ የባለ ሳይክሉ ኃላፊነት ነው። ልጅ ከያዛችሁ በግድግዳው በኩል አድርጉት። ለሳይክል ተለይቶ የተሠመረ መስመር ካለ እዚያ ላይ ቆማችሁ አታውጉ፤ ዕቃም አትዘርጉበት። ያንን ስትዘጉት ባለ ሳይክሉ ተመልሶ ወደ እናንተ ይመጣል። "እለፍ" ያላችሁት ልጅ ሲያመሰግናችሁ ደግሞ ፈገግ በሉለት። ነገም እንዲሁ ያደርጋል።

ሰው ከገጫችሁ ምንም ቢሆን ጥላችሁ አትሂዱ። ስኩተሩን ተዉት፤ ሰውየውን እዩ። "ተነሱ፣ ተነሱ" ብላችሁ ክንዳቸውን አትጎትቱ። መጀመሪያ የት እንዳመማቸው ጠይቁ። እግራቸውን ማንቀሳቀስ ካቃታቸው፣ ወይም አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ የዳሌ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ሳታነቃንቁ አምቡላንስ ጥሩ። ጭንቅላታቸውን ከተመቱ "ደኅና ነኝ" ቢሉም ሐኪም ይያቸው፤ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ። ስልካችሁን ስጡ። በማግስቱ ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቁ። ሽማግሌ የሚያስፈልገው ነገር ከሆነም ሽማግሌ ከመጠራቱ በፊት እናንተ ቀድማችሁ ሂዱ። ብዙ ሰው ከጉዳቱ ይበልጥ የሚያዝነው ዞሮ የጠየቀው ሲያጣ ነው።

ለልጃችሁ ሳይክል ወይም ስኩተር ልትገዙ ያሰባችሁ ወላጆች ደግሞ ይህን ሞክሩ። እናንተ በተለመደው እርምጃችሁ ሂዱ፤ ልጁ በተዋሰው ሳይክል ከጎናችሁ ይሂድ። እግሩን መሬት ሳያስነካ፣ ሳይቀድማችሁ፣ ሳይንገዳገድ። ከባድ ነው፤ መፍጠን ለሁሉም ይቀላል፣ ቀስ ማለት ግን ሚዛን ይፈልጋል። ከዚያ በመካከሉ ሳትነግሩት ቆም በሉ። አብሯችሁ ከቆመ ይገዛለት። አልፏችሁ ከሄደ ሰው መሃል ለመግባት ገና ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰው የሌለበት ሜዳ ወስዳችሁ አለማምዱት።